ያልወረደ እጅ

የጭፈራ ልብስ ጠባቂው ሽማግሌ ሱኩማራን በአዳራሹ የአልባሳት ክፍል ወለል ላይ በአፍጢሙ ተደፍቶ የተገኘው ሐሙስ ዕለት ነው፤ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ፣ ፀሐይ ገና እንደጠለቀች። ያገኘችው ሸዋረገድ ናት። ከሕፃናቱ የጭፈራ ልብስ የተረፈውን ልትመልስ ሄዳ በሩን ከፈተች። ጩኸቷ እስከ ግቢው በር ድረስ ተሰማ።

ዘበኛው ጥላዬ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ። ሽማግሌው ከጆሮ ግንዱ ኋላ ተፈንክቷል፤ ይተነፍሳል እንጂ አይሰማም። አጠገቡ ትልቅ የነሐስ መቅረዝ ወድቋል። ከግድግዳው ሥር ያለው ሣጥን ክዳኑ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ውስጡ ባዶ ነው። ያንን ሣጥን የማያውቅ የለም። የማዳም ማላቲ የወርቅ መቀነት ማደሪያ ነው፤ ከጭፈራ መምህሯ የወረሰችው፣ መቶ ዓመት ያለፈው፣ መድረክ ላይ ስትወጣ ወገቧን የምታስርበት።

ጥላዬ ሌላ ሰው እንዳይገባ በሩ ላይ ተገተረ። ማንም ሳያዘው ዓይኑ የድሮ ሥራውን ጀመረ። የሣጥኑ ክዳን ላይ፣ ጣት የሚያርፍበት ቦታ፣ ነጭ የሊጥ ፍርፋሪ ተለጥፏል። ጎንበስ ብሎ አየው። ሻካራ ነው።

ይህ ሰው ዘበኛ ሆኖ አልተወለደም። አዲስ አበባ ላይ አሥራ ሰባት ዓመት ወንጀል ሲመረምር የኖረ ሳጅን ነበር። ስንቱን ነፍሰ ገዳይ ከተደበቀበት አውጥቶ አስረክቧል። ዕድገት ሲመጣ ግን ስምንተኛ ክፍል ነህ ይሉታል። በመጨረሻ ዲፕሎማ የያዘ፣ ሬሳ ሲያይ የሚያስመልሰው አንድ ልጅ፣ ጥላዬ ያጣራውን መዝገብ በራሱ ስም አቅርቦ ኢንስፔክተር ተባለ። ጥላዬ በዚያው ቀን ዩኒፎርሙን አጣጥፎ ጠረጴዛ ላይ አኑሮ ወጣ። ይኸው ዘጠኝ ዓመቱ፤ ዐረብ አገር፣ አል ዐይን ከተማ፣ አል ሂሊ ሰፈር ካለ አንድ አዳራሽ በር ላይ ቆሞ የሰው ግንባር ሙቀት ይለካል።

ወሩ ኅዳር 2014 ነው። ኮሮናው ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። የሕንድ ጥበብና ባህል ፌስቲቫል በጭንቅ ተፈቅዶ ረቡዕ ተከፍቷል፤ አምስት ቀን ይቆያል። ወንበሩ አንድ እየተዘለለ ነው የሚቀመጡበት፤ ስልኩ ላይ ከኮሮና ነፃ መሆኑን የሚመሰክር አረንጓዴ ምልክት ያላሳየ አይገባም። ከዝግጅቱ ግማሹ ከፎቅ ላይ ካለች ጠባብ ክፍል በኢንተርኔት ይተላለፋል። እዚያች ክፍል ከአንድ ሰው በላይ መግባት ክልክል ስለሆነ፣ ተጫዋቹ ራሱ ካሜራውን ያስተካክላል፣ ራሱ በሩን ይዘጋል።

ግቢው ከመስጊድ ጋር ይዋሰናል። አዛን ሲጀመር ከበሮ የለም፤ አዳራሹ የተፈቀደው በዚህ ስምምነት ነው። ይህም የጥላዬ ሥራ ነው። አዛኑን ሲሰማ መጀመሪያ የፎቁን ማብሪያ ይጫናል፤ እላይ ቀይ መብራት ይበራል። ከዚያ ከመድረኩ ፊት ቆሞ ቀኝ እጁን ያነሣል። እጁ እስኪወርድ ድረስ ማንም ከበሮ አይነካም።

አምቡላንሱ መጣና ከእግር እስከ ራሳቸው በፕላስቲክ የተጠቀለሉ ሰዎች ሽማግሌውን ይዘውት ሄዱ። ፖሊስም ተከተለ።

መርማሪው መቶ አለቃ ሸሪፍ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት አይሞላውም፣ ጭምብሉ እንኳ የተተኮሰ ይመስላል። የጣቢያው አማርኛ አስተርጓሚ ኮሮና ይዞት ተገልሏል። ሸሪፍ ዙሪያውን አየና ጥላዬን በጣቱ ጠራው። ዐረብኛ ትችላለህ? እችላለሁ። እንግዲያው ተቀመጥ፤ ልጅቷ የምትለውን ቃል በቃል ንገረኝ፣ ከራስህ አትጨምር።

ሸዋረገድ የደብረ ታቦር ልጅ ናት። ዛኸር በሚገኘው የማዳም ማላቲ ቤት ሦስት ዓመት ልጆች አሳድጋለች፤ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማዋም፣ በማዳሟ ስም ነው። ለፌስቲቫሉ ደግሞ ወጥ ቤትና ልብስ ላይ ተመድባለች። ቃሏን ሰጠች። ለአሥራ ሁለት ሰዓት አርባ ጉዳይ ላይ ለሱኩማራን ሻይ አድርሳለታለች፤ ደህና ነበር፣ መርቋታል። ከዚያ ሊጧን ከድና ሕፃናቱን ልታለብስ ወደ አዳራሹ ገባች። ስትመለስ በሩ ተቆልፏል። ወጥ ቤት ሚስማር ላይ የሚንጠለጠለውን ቁልፍ አምጥታ ከፈተች። ያየችው ይኸው ነው።

ሸሪፍ ሦስት ነገር ብቻ ጠየቃት። ስንት ቁልፍ አለ? ሁለት። የሽማግሌው ቁልፍ የት ተገኘ? ኪሱ ውስጥ። እንግዲህ የቆለፈው ያንቺ ቁልፍ ነው። ሊጥስ ሲያቦካ የዋለ ማነው? እኔ ነኝ፣ ለልጆቹ ቂጣ ልጠብስ። መርማሪው ቀና ብሎ የሣጥኑን ክዳን አየ።

ጥላዬ ከራሱ እንዳይጨምር ታዞ ነበር፤ ጨመረ። አዛን ሲል ልጅቷ ከሕፃናቱ ጋር ቆማ አይቻታለሁ አለ። ሸሪፍ ሳይቆጣ መለሰለት። ለዚህ ሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ከአዛኑ በፊትም በኋላም አምስት ደቂቃ ነበራት።

ደጅ ላይ ማዳም ማላቲ ለተሰበሰበው እንግዳ በእንግሊዝኛ ትናገራለች። ቤቴን ከፍቼላት ነበር፣ ልጆቼን ሰጥቻት ነበር፣ እነዚህን ሰዎች ማመን ጥፋቱ የኔ ነው ትላለች። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ አጠገቧ መቆሙን አላየችም። ሲያዩት አይደል።

ሸዋረገድን በካቴና አስረው በዚያ ሁሉ ሰው መሀል አወጧት። አንዳንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ጥላዬ ዘንድ ስትደርስ ቆመች።

"ጋሽ ጥላዬ፣ አንዲት ነገር ንገርልኝ። ሰው እያየ ነው የሚወስዱኝ። ንጹሕ ሆኜ ከተገኘሁ ሰው እያየ ይመልሱኝ በልልኝ።"

ተረጎመው። ሸሪፍ ካቴናውን አየት አደረገና "ኢንሻላህ" አለ።

ይሄኔ ነው ከበሮ መቺው ቬኑ ከፎቅ የወረደው። ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ በቀጥታ ሲያስተላልፍ ነበር፤ ከዚያም ዕቃውን ሲሸክፍ ቆይቷል፤ ግንባሩ ላይ ላብ አለ። አንዱን ከበሮ አቅፏል፣ ሌላውን በከረጢት አንጠልጥሏል። በሩ ላይ ፖሊስ የሚወጣውን ዕቃ ሁሉ ይፈትሻል። ቬኑ ከረጢቱን ለጥላዬ ዘረጋለት። "ሰዲቅ፣ ይቺን ያዝልኝ፤ ቆዳዋ ተቀዷል" አለው። ሰዲቅ ማለት ወዳጄ ማለት ነው፤ እዚህ አገር ግን ስምህን ማወቅ የማይፈልግ ሁሉ የሚጠራህ በዚህ ነው። ጥላዬ ተቀበለ። ፖሊሱ ቬኑ ያቀፈውን ከበሮ ገልብጦ አየ፣ አንኳኳ፣ አሳለፈው። ዘበኛውን በእጁ እለፍ አለው። ጥላዬ ከበሮውን ቬኑ የሚሄድበት መኪና ውስጥ አስቀምጦ ተመለሰ።

በማግስቱ ጠዋት ሸሪፍ ደወለ። ሽማግሌው ገና አልነቃም። የፌስቲቫሉ ሚኒባስ ሾፌር፣ ዑስማን የሚሉት ፓኪስታናዊ፣ ከሐሙስ ጀምሮ ጠፍቷል፤ ስልኩ ዝግ ነው። አቡ ዳቢ ሚና ዛይድ ገበያ የአጎቱ ልጅ ተምር ይሸጣል ተብሏል። አንተ ሰውየውን ታውቀዋለህ፣ ና ውጣ።

መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ነዱ። በመንገዱ ጥላዬ ልቡ ተስፋ ማድረግ ጀምሮ ነበር፤ ሾፌሩ ከተገኘ ሸዋረገድ ትፈታለች።

ዑስማንን ከተምር ሣጥኖች ኋላ ካርቶን ላይ ተቀምጦ አገኙት። ፖሊስ ሲያይ እጁን ዘርግቶ ሰጠ። ምርመራው ግን ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም። ሐሙስ የምርመራው ጊዜ አልፎ የስልኩ አረንጓዴ ግራጫ ሆኖበታል፤ ያስለዋልም። ሰው ካወቀ ከካምፕ ያስወጡኛል ብሎ፣ ቁልፉን መኪናው ላይ ትቶ፣ ገና ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ በታክሲ ወደ አቡ ዳቢ ሸሽቷል። የገበያው በር ካሜራ በአሥራ አንድ ሰዓት ሲገባ አሳይቶታል። ሸሪፍ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ጭምብሉን ጠበቅ አደረገ፣ ሳኒታይዘሩን እጁ ላይ ግማሹን አፈሰሰው።

ሲመለሱ ጥላዬ አላስቻለውም። የክዳኑን ሊጥ አይተኸዋል? አለው። አይቻለሁ። ነክተኸዋል? ሸሪፍ ዘወር ብሎ አየው።

"የሸዋረገድ ሊጥ የላመ የስንዴ ዱቄት ነው፣ ዘይትም አለበት፤ ሲደርቅ ይለሰልሳል" አለ ጥላዬ። "ክዳኑ ላይ ያለው ሰሞሊና ነው፣ ያልላመ ሻካራ የስንዴ ዱቄት። ዘይት የለውም፣ ጣት ይፍቃል። በዚያ ግቢ ሰሞሊና በውኃ የሚለውስ አንድ ሰው ነው።"

"ማነው?"

"ከበሮ መቺው። ሊጫወት ሲል ከወጥ ቤት አንድ ጭብጥ ይወስዳል። ለውሶ የከበሮውን የግራ ፊት መሀሉ ላይ ይለጥፈዋል፤ ድምፁ ጎርነን እንዲል። ሲጨርስ ይፍቀዋል። በየቀኑ አያለሁ።"

"አንተ ማነህ?" አለ ሸሪፍ።

ጥላዬ አሥራ ሰባት ዓመቱን በሦስት ዓረፍተ ነገር ነገረው። መርማሪው የበረሃውን መንገድ እያየ ራሱን ነቀነቀ። ቬኑን አራት ሺህ ሰው ሲያየው ነበር አለ። ላይ ቤት ተቆልፎ፣ በቀጥታ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ሊጥ ደግሞ እግር የለውም እንጂ በሰው ልብስ ተለጥፎ የትም ይሄዳል።

ቢሆንም አዳራሹ እንደደረሱ ጠሩት። ቬኑ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በትሕትና ተቀመጠ። ረቡዕ ዕለት ልብስ ልቀበል ገብቼ ነበር፣ ያኔ ነክቼው ይሆናል አለ። ስልኩን አውጥቶ ሥርጭቱን አሳየ፤ ሰዓቱ ተጽፏል፣ የተመልካቹ ቁጥር አለ፣ ከየአገሩ የተላከው ጭብጨባ አለ። ለሽማግሌው እጸልያለሁ ብሎ ዓይኑን ጠረገ።

ማዳም ማላቲ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። መቶ አለቃውን በእንግሊዝኛ ገሠጸችው። ሌባዋ እጃችሁ ላይ እያለች ሃያ ሁለት ዓመት አብሮኝ የኖረን የጥበብ ሰው በሴኩሪቲ ታስመረምራላችሁ? ሸሪፍ ፊቱ ቀላ። ጥላዬን ውጪ ጠብቅ አለው። ሲወጣ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረለት። እሑድ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ሌላ ነገር ካልመጣ በእሷ ስም ነው የሚሄደው።

ጥላዬ በሩ ላይ ቆሞ ሰው ሲያስገባ ዋለ። ያንን ሥርጭት ሸሪፍ አይቶታል፤ መጀመሪያውን አየ፣ መጨረሻውን አየ፣ መሀሉን እየገፋ አለፈው። የተማረ ሰው እንዲህ ነው፤ መግቢያና መደምደሚያ ያነባል። ጥላዬ ግን ዘበኛ ነው። ምንም የማይሆንበትን ነገር ለሰዓታት ማየት እንጀራው ነው።

ቅዳሜ በምሳ እረፍቱ ከጥበቃው ጎጆ ተቀምጦ የሐሙስን ሥርጭት ሃምሳውን ደቂቃ በስልኩ ከአንድ ጀመረ። ቬኑ እግሩን አጣጥፎ ይመታል። ሊጡ ከበሮው ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከኋላው ግድግዳ፣ በር፣ ከበሩ በላይ የመብራት ቆብ። ዐሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ። ሩዙ ቀዘቀዘ። ሠላሳኛው ደቂቃ አለፈ፣ ሠላሳ አምስተኛውም። ጥላዬ ቪዲዮውን አቆመና ወደ ኋላ መለሰው፤ እንደገና አየ፤ ደግሞ መለሰው። ከዚያ የረቡዕን ሥርጭት ከፍቶ ያንኑ ደቂቃ ፈለገ። ካየው በኋላ ሩዙን ገፋ አድርጎ ለሸሪፍ ደወለ። "ሰውየውን ይዘህ ወደ ፎቋ ክፍል ና። እኔ ታች ነኝ። ስትደርስ ደውልልኝ" አለው። መቶ አለቃን ሲያዝ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም።

ሸሪፍ ቬኑንና አንድ ፖሊስ ይዞ ወጣ። ማዳም ማላቲም አልቀረችም፤ ደረጃው ላይ ቆመች። ስልኩ ሲጠራ ጥላዬ ማብሪያውን ተጫነና ወደ ላይ ሮጠ። ሲደርስ ከበሩ በላይ ያለው አምፖል ፍም መስሎ ቀልቷል።

"አምፖሉ ደህና ነው" አለ ጥላዬ። "አሁን ረቡዕን ክፈት።"

ሸሪፍ ከፈተ። በሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ከቬኑ ትከሻ በላይ ቀዩ መብራት በራ፤ ቬኑ እጁን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ አቀረቀረ። አራት ደቂቃ ዝም። መብራቱ ጠፋ፤ ቀጠለ።

"ሐሙስን ክፈት።"

ሠላሳ አንደኛው ደቂቃ መጣ። ከበሮው ይሰማል። አምፖሉ ጨለማ ነው። ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ አራት፣ አርባ። ከበሮውም አላቆመ፣ መብራቱም አልበራ።

"ሐሙስ በዚያች ደቂቃ ይህን ማብሪያ እኔ በዚህ እጄ ተጭኛለሁ" አለ ጥላዬ። "ታች ሃያ ሕፃናት እጄን አይተው ቆመዋል። መብራቱ ያልበራው ቪዲዮው ላይ ብቻ ነው። ይህ ሰው ሐሙስ አልተጫወተም። በሌላ ሰዓት የቀረጸውን ለቀቀና ወረደ።"

ቬኑ አምፖሉን ቀና ብሎ አየው። ጥላዬ ገና አልጨረሰም። ከሐሙስ ጀምሮ ሲያብሰለስለው የነበረ ነገር አሁን ቦታውን አግኝቶለታል። ይህ ሰው ከበሮውን ሌላ ሰው እንዳይነካበት የሚጠነቀቅ ነው፤ አንድ ጊዜ አንድ ልጅ ቢሻገረው ሊመታው ተነሥቷል። ያን ቀን ግን በገዛ እጁ ለዘበኛ አሸከመ።

"የተቀደደችው ከበሮ የት ናት?" አለ። "ፖሊስ ያልፈተሻት። እኔ የተሸከምኳት።"

ከሆቴል ክፍሉ አመጧት። ቆዳው ሲነሣ መቀነቱ በጥጥ ተጠቅልሎ፣ እንደ እባብ ተጠምጥሞ ከከበሮዋ ሆድ ወጣ። ማዳም ማላቲ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ቬኑ ራሱ ተናገረ። ሊጡን ለውሶ ከበሮው ላይ ለጠፈ፤ ሲወርድ ሲጫወት የቆየ እንዲመስል። ደረጃው ወጥ ቤቱ ጎን ነው የሚወርደው፤ ቁልፉን ከሚስማሩ አነሣ። ሽማግሌው በዚያ ሰዓት ሁልጊዜ ሻይ ሊጠጣ ይወጣ ነበር። ያን ቀን ልጅቷ ሻዩን እዚያው አመጣችለትና ሳይወጣ ቀረ። መታሁት፣ ቆለፍኩ፣ ቁልፉን መለስኩ አለ። ለምን ሲሉት ወደ ማላቲ ጠቆመ። ሃያ ሁለት ዓመት ከእግሯ ኋላ ተቀምጬ መትቻለሁ፤ ፖስተር ላይ ስሜን አንድ ቀን አላስጻፈችውም አለ። መቀነቷን ነክቼ እንድታለቅስ ፈለግሁ።

ጥላዬ ይህን ሲሰማ ስሙ የተፋቀበትን መዝገብ አስታወሰ። ያ ሕመም ምን እንደሚመስል ከዚህ ክፍል ውስጥ ከእሱ ሌላ የሚያውቅ የለም። ስለዚህም ነው ይበልጥ የተቆጣው።

"ቂምህ ከእሷ ጋር ነው። ሸዋረገድ ምን አድርጋህ ነው?"

ቬኑ ግራ ገባው። እውነቱን ነበር የተናገረው። "እሷን ጨርሶ አላሰብኳትም" አለ።

ሸዋረገድን በዚያው ቀን በጣቢያው የጓሮ በር ለቀቋት። ማዳሟ መኪና ልካ ነበር፤ ልጆቹ ናፍቀውሻል፣ ኸላስ፣ ያለፈው አልፏል ብላ መልእክት ሰደደች። ሸዋረገድ አልገባችም፤ አንዲት የአገሯ ልጅ ዘንድ አደረች። ጥላዬ ማላቲን ሄዶ አነጋገራት። እሑድ መዝጊያው ላይ በሰው ፊት አንድ ቃል ብትናገሪላት ብሎ ለመነ። ማላቲ ገር ሆና ነው የመለሰችለት። አምባሳደር ይመጣል፣ ስፖንሰሮች አሉ፣ የሌብነት ወሬ የፌስቲቫሉን ስም ያጎድፋል አለችው። የፌስቲቫሉ ስም ስም ነው፤ የሸዋረገድ ግን አይደለም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው ለማን እንደተተረተ እንጃ።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ፊት ወንበር ላይ መቶ አለቃ ሸሪፍ የአበባ ጉንጉን አንገቱ ላይ አድርገውለት ተቀምጧል፤ ጋዜጣ ላይ ወንጀሉን የደረሰበት እሱ ነው ተብሎ ወጥቷል። ጥላዬ አልገረመውም፤ የለመደው ነው። ሸዋረገድ ነጠላዋን አጣፍታ መጨረሻው ረድፍ ጥግ ቆመች። ያወቋት ሰዎች ቦርሳቸውን ወደ ጭናቸው ሳብ አደረጉ። ያንን ጥላዬ አየ።

ማላቲ መቀነቱን ታጥቃ መድረክ ላይ ናት። ከዱባይ የመጣ ሌላ ከበሮ መቺ ይመታላታል። ሠላሳ አንድ ደቂቃ ሲሆን አዛኑ ተሰማ። ጥላዬ ከመድረኩ ፊት ሄዶ ቀኝ እጁን አነሣ። ከበሮው ቆመ። ማላቲ ባለችበት ቆመች።

አዛኑ አለቀ። እጁ አልወረደም።

ከበሮ መቺው ጥላዬን አየ፣ ማላቲን አየ፤ መዳፉን ከጉልበቱ አላነሣም። አንድ ደቂቃ አለፈ። መድረክ መሪው ከመጋረጃው ኋላ እጁን እያርገበገበ ምልክት ሰጠ። ሁለት ደቂቃ። ሰው በወንበሩ ይቁነጠነጥ ጀመር። አምባሳደሩ ወደ ጎኑ ዘንበል ብሎ አንድ ነገር ጠየቀ። መድረክ መሪው መጥቶ በጆሮው አንሾካሾከበት፤ ሥራህን ልታጣ ነው አለው። ጥላዬ ዓይኑን ከማላቲ አልነቀለም። አንድ ፖሊስ ከጎን ሊነሣ ሲል ሸሪፍ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ መለሰው። ከዚያ የአበባ ጉንጉኑን ከአንገቱ አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረው።

ማላቲ ወደ መጨረሻው ረድፍ ተመለከተች። የእግሯ ቃጭል አንድ ጊዜ ብቻ ተሰማ፤ ወደ ማይክራፎኑ ስትራመድ።

"እዚያ ኋላ የቆመችው ሴት ሸዋረገድ ትባላለች" አለች። ድምፅዋ ደረቅ ነበር። "ሐሙስ ዕለት በእናንተ ፊት ሌባ ብያታለሁ። አልሰረቀችም፤ ማንንም አልመታችም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።"

ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። ሸዋረገድ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አስተካክላ እስኪጠግቧት ድረስ እንዲያዩዋት ቆመችላቸው።

ጥላዬ ነገ ጠዋት ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። ከበሮውም ቀጠለ።